የሙላቷ ልጅ ዓይን

ያረጋል ሰው የሚጠላ ሰው አይደለም፤ በብሩሹ የተነሣ የተቀየሙት ግን ጥቂት አይደሉም። የመጀመሪያው ደላላው ሀይሉ ነው። ስንቅነሽ ካርቱም ላይ፣ ዐማራት በሚባለው ሰፈር፣ ምግብ ቤት የከፈተች ጊዜ አንዱን ግድግዳ ለያረጋል ሰጥታ፣ «የቃና ዘገሊላን ሰርግ ሣልልኝ፤ ደንበኛዬ የሚበላ ሰው እያየ ይብላ» አለችው። ሰርግ ያለ እንግዳ አይሆንምና ያረጋል እንግዶቹን ከደንበኞቿ መካከል መረጠ። ሥዕሉ አልቆ መጋረጃው ሲነሣ ሰው ሁሉ ራሱን ፍለጋ ግድግዳው ሥር ተጋፋ። ያገኘ ሳቀ፣ ያጣ አኮረፈ። ሀይሉ ራሱን ያገኘው ከጋኖቹ ጀርባ ነው፤ በጎን ተሥሎ፣ ባንድ ዓይኑ ወይኑን ሲሰልል።

«ሌላዋ ዓይኔስ?» አለ።

«በወዲያ በኩል ናት» አለው ያረጋል።

ሀይሉ ደብር አጠገብ ያደገ ልጅ ነው፤ ነገሩ አልጠፋውም። ባገራችን ቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ ጻድቅ የሆነ ሁሉ ፊቱን ወደ ሰው አዙሮ፣ ሁለት ዓይኑ ፍጥጥ ብሎ ይሣላል። በጎን የሚሣለው፣ አንድ ዓይን ብቻ የሚታየው ሰይጣን ነው፤ ይሁዳ ነው፤ ሰማዕታትን የሚያስገርፍ አላዊ ንጉሥ ነው። ሀይሉ ደግሞ ቤት ሲያከራይ ካከራዩም ከተከራዩም የሚበላ ሰው ስለሆነ ያረጋል ብዙም አልተጨነቀበትም። ሰውየው ከዚያ ወዲያ የስንቅነሽን ደጃፍ ሳይረግጥ ከረመ። ኋላ ሆዱ አስታረቀው፤ ነገር ግን እስከ ዛሬ ጀርባውን ለግድግዳው ሰጥቶ ነው የሚበላው።

ያረጋል ይህን ሕግ የተማረው ጎጃም ውስጥ ከአጎቱ ከአለቃ ተሰማ ነው። አለቃ ተሰማ በሕይወታቸው ብዙ ቤተ ክርስቲያን የሣሉ፣ ቀለም ሲበጠብጡ የሚጾሙ፣ ተማሪ ሲያጠፋ በብሩሹ እጀታ አናቱን የሚሉ ሰው ነበሩ። «መልክንማ ውኃም ያሳይሃል» ይሉት ነበር። «ሥዕል የሰውየውን መልክ አይደለም የሚናገር፤ ሰውየው ማን እንደሆነ ነው።» ያረጋል ይህችን ቃል ይዞ መተማን ተሻገረ። ካርቱም ላይ የጠበቀው ግን የቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ሳይሆን የዶሮ መሸጫና የፀጉር ቤት ማስታወቂያ ነበር። ሱቅ ዐረቢ ከሚባለው ገበያ ጀርባ ባለች ጠባብ ሱቅ ውስጥ ለዓመታት ዶሮ ሣለ፤ ዶሮዎቹ ሳይቀሩ ሁለት ዓይን ነበራቸው።

ከዚያ በማሽን የሚታተም ማስታወቂያ መጣና የዶሮውን ገበያ ወሰደበት። ያረጋልን ከረሃብ ያወጣው ሕልም ነው፤ ሕልም በማሽን አይታተምም። አንዷ የቤት ሠራተኛ በከሻ፣ በፖሊስ አፈሳ፣ ተይዛ ስትወሰድ ቅዱስ ሚካኤል ከፖሊሱ መኪና ላይ እጇን ይዞ ሲያወርዳት በሕልሟ አይታ አሣለች። አንዱ ጎረምሳ ካናዳ ገብቶ በረዶ ሲጠርግ ራሱን አይቶ አሣለና አልጋው ራስጌ ሰቀለው። ወሬው ተዛመተ። ያረጋል ግን እንደ ነገሩት የሚሥል ሰው አይደለም። «ሕልም ጥሬ እህል ነው፤ ሳይፈጭ አይጋገርም» ይላል። ባለ ሕልሙን አስቀምጦ የሚጠይቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «ምን ፈራህ?» ይለዋል። የፈሩትን ከነገሩት በኋላ ማን ትልቅ፣ ማን ትንሽ፣ ማን መሃል፣ ማን ዳር እንደሚሆን የሚወስነው እሱው ነው። በዚህ አሠራሩ ሙላቷ እስከ መጣችበት ቀን ድረስ አፍሮ አያውቅም።

ሙላቷ ከወንዙ ማዶ፣ ካፉሪ ሰፈር ውስጥ፣ ባንድ ትልቅ ቪላ የሰው ልጅ የምታሳድግ፣ ልብስ የምትተኩስ ሴት ናት። የዕረፍት ቀኗ ዓርብ ነው። ባለፈው ዓርብ ሰልፍ ስለነበረ ኩብሪው፣ ድልድዩ ማለት ነው፣ በኮንቴይነር ተዘግቶ ሳትሻገር ቀርታለች፤ ስለዚህ ነገሩን ሳምንት ሙሉ በሆዷ ይዛው ነበር።

«ልጄን አየሁት» አለች፣ ገና ሳትቀመጥ።

ካርቱም ያለ ሐበሻ ይህችን ቃል ከሙላቷ አፍ ሰምቶ አለመደንገጥ አይችልም። ልጇ ጌታሁን፣ ገና በዳዴ ሳለ ለእህቷ ትታው የመጣችው ልጅ፣ ጎረምሳ ሆኖ ተከትሏት መጥቶ፣ አንድ ክረምት አብሯት ከርሞ ወደ ሊቢያ ወጣ። ከወጣ ወዲህ ድምፁን የሰማ የለም። እሷ የዓርብ ማረፊያ ቤት በተከራየችበት በደይም ሰፈር ሴቶቹ ለሁለት ተከፍለው ነበር። ግማሾቹ «አልቅሺና ይውጣልሽ» ይላሉ። ግማሾቹ «በሕይወት ላለ ሰው ለቅሶ ሟርት ነው» ይላሉ። ሙላቷ ራሷ «መርዶ ሳይመጣልኝ አላለቅስም» ብላ ጥርሷን ነክሳ ተቀምጣለች። የሰው ለቅሶ ሄዳ እንኳ ዕንባዋ ሲመጣባት ተነሥታ ትወጣለች፤ በሰው ሬሳ አሳብባ የራሷን ልጅ እንዳታለቅስ ብላ።

ያረጋል የቀለም ጣሳ ደፍቶ አስቀመጣት። «እንዴት ሆኖ አየሽው?»

«ቦክሲ መኪና ላይ ቆሟል። ከኋላ ጭነቱ ላይ፣ ሰው መሃል። ዙሪያው አሸዋ ነው። እኔ ከታች ሆኜ እጣራለሁ፤ እሱ ወደ ፊት ነው የሚያየው። በቀኝ ጎኑ በኩል ነው ያየሁት። ፊቱን አላዞረልኝም።»

«ምን ፈራሽ?»

ይህን ጥያቄ የሚሸሽ ሰው ገጥሞት አያውቅም። ሙላቷ ግን «ምንም» አለችና ዓይኗን ወደ ቀለም ጣሳዎቹ አዞረች።

«ፎቶ አለሽ?»

«መነሣት አይወድም ነበር። እንደምንም ያነሣሁት ስልኬ ውስጥ ነበር፤ ስልኬን እዚሁ ሱቅ ዐረቢ ሞተር ላይ ሆነው ነጠቁኝ።»

በሩ ላይ ነጂብ የሚባል የወሎ ልጅ ተቀምጦ ይሰማል። ነጂብ ሊቢያ ድረስ ሄዶ፣ ታግቶ፣ አምልጦ የተመለሰ ነው። አሁን የውሚያ፣ የቀን ሥራ ማለት ነው፣ ሲያገኝ ይሠራል፤ ሲያጣ ያረጋል ሱቅ ጥላ ሥር ተቀምጦ ሥዕል ይተቻል። ሙላቷ ከሊቢያ የተመለሰ ሰው ሳትጠይቅ አታልፍምና ወደ እሱ ዞረች።

«የኔ ልጅ፣ በዚያ መንገድ ጌታሁን የሚባል አላየህም?»

«እትዬ፣ በዚያ መንገድ ማን በስሙ ይጠራል? ምን ይመስላል?»

«ረዥም ነው። ጠይም። ሳቂታ።»

«ወላሂ፣ እንደዚህ ያለ ስንት መቶ አይቻለሁ» አለ ነጂብ፣ አንገቱን ደፍቶ። ከልቡ ነበር ያዘነው።

ሙላቷ ሌላ የምትለው ያላት ትመስል ነበር፤ አላለችም። ወደ ያረጋል ተመልሳ «እንዳየሁት፣ በጎኑ አድርገህ ሣልልኝ» አለችው።

ያረጋል ሳቀ። «እቴ ሙላቷ! ልጅሽን ይሁዳ ላድርግልሽ? እኔ ጌታሁንን ባንድ ዓይን አልሥለውም። በሁለቱም ነው።»

«በሁለቱም» አለች ቀስ ብላ።

«እንዴታ! ምን ኃጢአት አለበትና?»

«ምንም የለበትም» አለች ቶሎ ብላ። ነጠላዋን አስተካክላ፣ ደጃፉ ላይ ትንሽ ቆም ብላ ወጣች።

ያረጋል ሳምንቱን በሙሉ ሌላ ሥራ አልነካም። ሰሌዳውን በሙጫና በኖራ አለስልሶ፣ ሰማዩን እንደ አጎቱ አሠራር ቢጫና ቀይ አድርጎ፣ ቦክሲዋን አራቱም ጎማዎቿ እንዲታዩ አድርጎ ሣላት። ሾፌሩንና አጠገቡ የተቀመጠውን አሻጋሪ ባንድ ዓይን አደረጋቸው፤ በዚህ ማንም አይከራከረውም። ከኋላ የተጫኑትን ልጆች ትንንሽ፣ ጌታሁንን ከሁሉ በላይ ትልቅ አደረገው። ፊቱ ላይ ሲደርስ ግን ብሩሹን አስቀመጠ። ያላየውን ልጅ ከየት ያምጣው? ነጂብ ከበሩ ላይ «ልጅ ከናቱ አይርቅም፣ ጋሼ» አለው። ያረጋልም የሙላቷን ፊት እያስታወሰ አፍንጫውን፣ ግንባሩን፣ በመጨረሻም እነዚያን ትልልቅ ዓይኖች ሣለ። ከሥዕሉ ግርጌ ላይ ደግሞ ሙላቷን ራሷን በትንሹ፣ በግንባሯ ተደፍታ ሣላት። ሥዕል ያሣለ ሰው ከግርጌ ወድቆ ሲማፀን መሣሉ ወግ ነው። ነጂብ ከየውሚያ ሲመለስ ሥዕሉን አየና «ልጁ መልከ መልካም ነው፤ እንዲህ ያለ መልክ ይዞ ሊቢያ ምን ይሠራል?» አለ።

ዓርብ ሙላቷ መጣች። ያረጋል ጨርቁን ገለጠላት፤ እጁን አጣምሮ ቆሞም ምስጋናውን ጠበቀ። እሷ ቆማ ቆማ፣ ጣቷን ዘርግታ የሥዕሉን ግራ ዓይን ነካች።

«ዳነለት» አለች።

ያረጋል «ምኑ?» ብሎ አልጠየቃትም። ሥራውን የወደደችለት መሰለው፤ ሠዓሊ ሙገሳ ሲጠብቅ ሌላ ቃል ጆሮው አይገባም። ሙላቷ ሥዕሉን ባንሶላ ጠቅልላ፣ ሳትሰናበት፣ የሪክሻ፣ የባጃጅ፣ ተራውን እንኳ ሳታይ አልፋ በእግሯ ሄደች። ነጂብ ከኋላዋ እያየ «ጋሼ፣ የሴትዮዋ አካሄድ አላማረኝም» አለ።

በማግሥቱ ከሰዓት ስንቅነሽ ደወለች።

«አንተ ሰው፣ ምን አድርገሃት ነው?»

«ማንን?»

«ሙላቷን ነዋ! ልጄ ሞቷል ብላ ለቅሶ ተቀምጣለች። ማን አረዳሽ ስትባል ያረጋል ነው ትላለች።»

ያረጋል ሱቁን ለመዝጋት ቁልፉ ጠፍቶበት በእጁ ይዞት ይፈልገው ነበር። ነጂብን አስከትሎ በሪክሻ ደይም ገባ። ግቢው ውስጥ ባንሶላ ዳስ ተጥሏል። ወንዶቹ አንገረብ በሚባለው የገመድ አልጋ ላይ፣ ሴቶቹ ምንጣፍ ላይ ተቀምጠዋል። ሀይሉም አለ፤ ሀይሉ ለቅሶ አይቀርም። የሟች ፎቶ በሚቀመጥበት ቦታ፣ ወንበር ላይ፣ የያረጋል ሥዕል ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል። ሙላቷ ጥቁር ለብሳ፣ ፊት ለፊቱ ሆና፣ እስከ ዛሬ የያዘችውን ሁሉ ለቃዋለች።

«የጠፋች ዓይንህን ማን አበራልህ፣
ሐኪም ከሌለበት ከማን አገር ሄደህ።»

ሴቶቹ ተቀበሏት። ያረጋል ጫማውን ሳያወልቅ እንደ ቆመ ቀረ። ስንቅነሽ ክንዱን ይዛ ከዳሱ ውጭ አወጣችው።

«ልጁ ግራ ዓይኑ የጠፋ ነበር» አለችው በሹክሹክታ። «ማናችንም አናውቅም ነበር። ዛሬ ስታለቅስ ነው የሰማነው። አንተ ሳታውቅ ዓይኑን አድነህ ሣልከው፤ እሷም የጠፋ ዓይን የሚድነው ወዲያኛው ዓለም ነው፣ ልጄ እዚያ ገብቷል ብላ ተነሣች። ከዚህ የበለጠ ምን መርዶ አለ?»

ያረጋል አፈረ። እውነቱን ለመናገር መጀመሪያ ተናደደ፤ ለምን አልነገረችኝም ብሎ። ቀጥሎ «ምን ፈራሽ?» ብሎ ሲጠይቃት ዓይኗን እንዴት እንዳሸሸችበት ትዝ አለው፤ ያን ጊዜ ንዴቱ ሄዶ እፍረቱ ብቻ ቀረ። ስንቱን ሕልም ፈጭቶ ጋግሯል፤ ይህችኛዋን ግን የፈጫት ሳይቀምሳት ነው። ዞሮ ሪክሻው ላይ ወጣ። ስንቅነሽ «ወዴት ነው ጥለኸን የምትሄደው?» ብትለው «መጣሁ» አላት።

ሲመለስ ብሩሽና ቀለም ይዟል። ያረጋል ወንዶቹን አልፎ ምንጣፉ ላይ፣ ሙላቷ አጠገብ ተንበረከከ።

«እቴ ሙላቷ፣ ያቺ ዓይን የልጅሽ አይደለችም» አላት። «ያንቺ ናት። ልጁን አላየሁት፤ የምሥለው ባጣ ካንቺ ፊት ላይ ነው የወሰድኳት። ከሰማይ የመጣ ምልክት አይደለም። እኔ ነኝ።»

ሙላቷ ቀና ብላ አየችው። ዓይኗ አብጧል። «የኔ?»

«ያንቺ። ፍቀጂልኝና ላውጣት። እንዴት እንደነበረች ንገሪኝ።»

ሀይሉ ካንገረቡ ላይ ሆኖ አላስቻለውም። «ልጁንም እንደኔ ልታጎድለው ነው እንዴ? በሬሳ ላይ?» አለ።

«ሬሳ የታለ?» አለችው ስንቅነሽ። «ዝም ብለህ ንፍሮህን ብላ።»

ሙላቷ ፊቷን በነጠላዋ ጠረገች። ስትናገር ድምፁ የለቅሶ አልነበረም፤ ገበያ ስለገዛችው ዕቃ የምታወራ ነበር የምትመስለው።

«ላም ናት የወጋችው፤ እህቴ ጋ ሳለ። እኔ እዚህ የሰው ልጅ ሳስተኛ። እህቴ በስልክ አልነገረችኝም። እሱም ሲመጣ አልነገረኝም፤ ክረምቱን ሙሉ ጥቁር መነጽር አድርጎ፣ ሁልጊዜ ግራውን ለግድግዳ ሰጥቶ በጎን ነበር የሚቀመጠው። አንድ ቀን ሲታጠብ አየሁት። እኔም እንዳላየሁ ሆንኩ። ምን እለዋለሁ? እናት ሆኜ አጠገቡ ሳልኖር፣ ምን አፍ አለኝ?» ትንፋሿን ሰበሰበች። «የዓይኑ ቆብ ወርዷል። ሙሉ ለሙሉ አልተዘጋም፤ ከሥሩ ነጩ በቀጭኑ ይታያል። ጠባሳው ከቅንድቡ ይነሣና እስከ ጉንጩ ይወርዳል።»

ያረጋል እሷ እየነገረችው ሣለ። የሚያምረውን ዓይን በሥጋ ቀለም ሲሸፍነው እጁ ከብዶት ነበር፤ እንዲህ ያለ ፊት በአጎቱ ግድግዳዎች ላይ አይቶ አያውቅም። ፊቱን ወደ ሰው ያዞረ ነው፤ ዓይኑ ግን አንድ ነው። ከጻድቃኑ ወገን ነው እንዳይል ይጎድለዋል፤ ከነይሁዳ ወገን ነው እንዳይል ወደ አንተ ያያል። አለቃ ተሰማ ቢያዩት በብሩሹ እጀታ አናቱን ይሉት ነበር፤ ወይም ደግሞ ዝም ይሉት ነበር፤ ያረጋል አላወቀም። ሙላቷ «ጠባሳው ትንሽ ወደ ውጭ ነው» አለች፤ አስተካከለው። «ቆቡን ዝቅ» አለች፤ ዝቅ አደረገው። ሴቶቹ አንድ በአንድ እየተነሡ ከኋላቸው ቆመው ያዩ ጀመር።

«ያ ረቢ!» የሚል ድምፅ ከወንዶቹ በኩል መጣ።

ነጂብ ነው። ቆሞ፣ በሁለት እጁ ራሱን ይዟል። «ጋሼ፣ ይኸማ ዓይናማው ነው!»

ሁሉም ወደ እሱ ዞረ። በዚያ መንገድ ላይ ሰው በስሙ አይጠራም፤ ሐበሻ ደግሞ ቅጽል ስም ሲያወጣ ምሕረት የለውም። አንካሳውን «ሯጩ»፣ አንድ ዓይና የሆነውን «ዓይናማው» ይለዋል።

«ሊቢያ፣ ኩፍራ፣ አንድ መኸዘን ውስጥ ነበርን» አለ ነጂብ፣ ቃሉ እየተደራረበበት። «እህል ማከማቻ ነበር፤ እኛን የዘጉብን እዚያ ነው። እኔ ሳመልጥ እዚያው ነበረ። ምግብ ነበር የሚያበስለው፤ ለኛም ለጠባቂዎቹም። ደኅና ነበር፣ ወላሂ፣ ከረመዳን በፊት ደኅና ነበር! ሳምንት ሙሉ በዚህ ሥዕል ፊት ተቀምጬ እንዴት ሳላውቀው… ሁለት ዓይን ሲሆን እኮ ሌላ ሰው ነው!»

ሙላቷ ግን ልቧን ቶሎ የምትሰጥ ሴት አይደለችም፤ ከሊቢያ የመጣ ውሸት ብዙ ሰምታለች። ነጂብን በእጇ ጠርታ አጠገቧ አስቀመጠችው።

«ሲቀመጥ በየት በኩል ነው የሚቀመጠው?» አለችው።

«እንዴት በየት በኩል፣ እትዬ?»

«ካጠገብህ። በግራህ ነው በቀኝህ?»

ነጂብ ግራ ተጋብቶ ሰውን ሁሉ አየ። የሚረዳው የለም። «ካጠገቤ አልነበረም» አለ። «ፊት ለፊቴ ነበር። ካርታ ስንጫወት፣ ‹እኔ ግማሹን ስለማላይ ግማሹን ነው የምበላው› እያለ ያሥቀን ነበር።»

የሙላቷ ፊት ወረደ። «አይደለም» አለች። «የኔ ልጅ ፊት ለፊት አይቀመጥም።»

«ይቀመጣል እንጂ! ከማን ሊደበቅ? እንዲያውም…» ነጂብ ንግግሩን አቋረጠ። ነገሩ አሁን ገና ገባው፤ ድምፁንም ዝቅ አደረገ። «እንዲያውም አንድ ቀን ነግሮናል። ‹በጎን የምቀመጠው እናቴ ፊት ብቻ ነው› ብሎን ነበር። ‹ካየችው ትጸጸታለች ብዬ ካርቱም ላይ ክረምቱን ሙሉ አንገቴ ተጣሞ ከረመ› ብሎ ሳቀ። እኛም ሳቅንበት።»

ይህን ነገር ማንም ከልቡ ሊፈጥረው አይችልም፤ ሙላቷም፣ ያረጋልም፣ ምንጣፉ ላይ ያለው ሁሉ አወቀው። ልጅየው ከመላው ዓለም መርጦ ዓይኑን የደበቀው ከእሷ ብቻ ነው፤ እሷም ማየቷን ከእሱም ከዓለሙ ሁሉም ደብቃለች። አንድ ክረምት ሙሉ ባንዲት ጠባብ ክፍል ውስጥ እንዲህ ሆነው ኖሩ። ሙላቷ አፏን በነጠላዋ ይዛ ትከሻዋ ተንቀጠቀጠ፤ ሴቶቹ ሊደግፏት ሲነሡ ግን የሚሰሙት ሳቅ መሆኑን አወቁ። ዕንባ ያለበት ሳቅ ነው፤ ቢሆንም ሳቅ ነው።

«አንገቴ ተጣሞ አለ?» አለች።

«አዎ፣ እትዬ።»

«ውይ ልጄን!»

ከዚያ በኋላ ሁሉም ባንድ ጊዜ ተናገረ። አንዷ እልል ልትል ስትል ሌላዋ አፏን ያዘቻት፤ ገና ኩፍራ ነው ያለው፣ እዚያም መኖሩን ማን ያውቃል። ስንቅነሽ ነጂብን ይዛ መኸዘኑ የማን እንደሆነ፣ ማን ስልክ እንዳለው ትጠይቀው ጀመር። ሀይሉ «እንግዲህ ለቅሶው ፈረሰ ማለት ነው?» ብሎ ንፍሮውን ወደ አፉ ጨመረ። ሙላቷ ጥቁሩን ሻሽ ከራሷ ላይ ፈትታ አጠፈችው። አልጣለችውም፤ አጥፋ ጉልበቷ ላይ አስቀመጠችው። መርዶ ሳይመጣ እንደማታለቅስ ቀድሞም ተናግራለች፤ አሁንም ቃሏ ያው ነው።

ያረጋል ብሩሹን ሊያጥብ ሲነሣ እጁን ያዘችው።

«ይህቺ ከታች የተደፋችው እኔ ነኝ?»

«አንቺ ነሽ። ያሣለ ሰው ከግርጌ ሆኖ ይማፀናል። ወግ ነው።»

«አንሣኝ» አለችው። «ፊት ለፊቱ አስቀምጠኝ።»

ያረጋል ሥዕሉን አየ። ቦክሲዋ ላይ ቦታ የለም፤ ከልጆቹ አንዱን ገፋ ማድረግ አለበት። «በየትኛው በኩል ላድርግሽ?» አላት።

«በዚያች በጠፋችው ዓይኑ በኩል» አለች ሙላቷ።

ያረጋል ተመልሶ ተንበረከከና፣ የመጀመሪያው ቀለም ገና ሳይደርቅ፣ ከግርጌ የተደፋችውን ማንሣት ጀመረ።